ወደፊት የሚሮጥ ተከላካይ፦ በአውስትራሊያ እግር ኳስ የመስመር ተከላካይነት ሙያ

የ2018ቱን የሩሲያ ዓለም ዋንጫ የጎል መዝገብ ያገላበጠ ሰው የአውስትራሊያዊውን ተከላካይ የአዚዝ ቤሂችን ስም ያገኛል፤ ጎሉ የተመዘገበው ግን በራሱ መረብ ላይ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በካዛን ከተማ ፈረንሳይና አውስትራሊያ 1 ለ 1 ሆነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ፈረንሳዊው ፖል ፖግባ ወደ አውስትራሊያ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ሰብሮ ገባ። የግራ መስመር ተከላካዩ ቤሂች ቦታውን ትቶ ወደ መሀል ተስቦ እግሩን ሰነዘረ። ኳሷ እሱን ነክታ ወደ ላይ ተነሳች፤ ግብ ጠባቂውን ማት ራያንን አልፋ፣ የላይኛውን አግዳሚ ገጭታ መስመሩን ተሻገረች። መጀመሪያ ለፖግባ የተሰጠው ጎል በኋላ በቤሂች ስም ተመዘገበ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2022፣ ይኸው ተጫዋች ኳታር ላይ የአርጀንቲናን ሕዝብ ትንፋሽ አሳጠረ። ጥሎ ማለፍ ነበር። አርጀንቲና 2 ለ 1 እየመራች ሳለ ቤሂች ከግራ መስመር ኳስ ይዞ ወደ መሀል ገባ፤ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ተከላካዮቹን እያከታተለ ጥሎ ለመምታት እግሩን ሲያነሳ ሊሳንድሮ ማርቲኔዝ ተንሸራቶ ደረሰበትና ኳሷን አገደ። ያች ኳስ ብትገባ ኖሮ ዋንጫውን ያነሳችው አርጀንቲና ተጨማሪ ሰዓት ለመጫወት ትገደድ ነበር።

ሁለቱ ክስተቶች ስለ አንድ ሰው ዕድልና ዕድለ ቢስነት የሚናገሩ ይመስላሉ። እኔ ግን ከዚያ በላይ የሚነግሩን ነገር አለ ባይ ነኝ። ወደ ማጥቃት የሚያደላ የመስመር ተከላካይ ሥራው ራሱ እንዲህ ነው፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥ በሁለቱም ሳጥን፣ ማለትም በሁለቱም ፍጹም ቅጣት ምት ክልል፣ ውስጥ መገኘት ይጠበቅበታል። ሲሳካለት ሙገሳው ለአጥቂው ይሄዳል፤ ሲበላሽ ደግሞ ካሜራው የሚያሳየው እሱን ነው። የአውስትራሊያ እግር ኳስ በዚህ ቦታ ላይ ያፈራቸውን ሰዎች የተከታተለ ሰው ይህን ሙያ በደንብ ሊረዳው ይችላል። (የምናወራው በክብ ኳስ ስለሚደረገው ጨዋታ ነው፤ በሜልበርን ስታዲየሞችን የሚሞላው፣ በሞላላ ኳስ የሚደረገው የአውስትራሊያ ሕግ ጨዋታ ሌላ ዓለም ነው።)

ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

ድሮ የቀኝና የግራ ተከላካይ ማለት የተጋጣሚን የክንፍ አጥቂ የሚይዝ፣ ኳስ ሲያገኝ አርቆ የሚመታ ሰው ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቡድን የክንፍ አጥቂውን ወደ መሀል ያስገባዋል፤ ጎል ያለው እዚያ ነውና። አጥቂው ወደ መሀል ሲገባ የሜዳው ጠርዝ ባዶ ይቀራል። ጠርዙ ባዶ ከቀረ ደግሞ ተጋጣሚ ተከላካዮቹን ሁሉ መሀል ላይ አጭቆ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ያን ጠርዝ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ከኋላ እየሮጠ የሚመጣው የመስመር ተከላካይ ነው። በአጥቂው ውጪ በኩል ተደርቦ ያልፋል፣ ኳስ ይቀበላል፣ ያሻማል ወይም ወደ ኋላ ቀንሶ ያቀብላል። ኳሷ ከጠፋች ያንኑ መንገድ ተመልሶ ይሮጣል።

ከኋላ መምጣቱ ትልቅ ጥቅም አለው። ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ ከጅምሩ በተከላካይ ዓይን ሥር ነው፤ ሠላሳ ሜትር ሮጦ የሚደርስን ሰው ግን ማን እንደሚይዘው ተጋጣሚዎች ወዲያው አይግባቡም። ችግሩም ከዚያው ይወለዳል፤ የለቀቀው ቦታ ባዶ ነው። ኳስ ከተነጠቀ የተጋጣሚ መልሶ ማጥቃት የሚሄደው በዚያው ባዶ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች የሚስተው ነገር አለ። የመስመር ተከላካይ ወደፊት የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ቤቱን ትቶ የሚሄድ ሰው ለጎረቤቱ አደራ እንደሚል ሁሉ፣ እሱም ቦታውን ለሌሎች አደራ ሰጥቶ ነው የሚወጣው፤ የመሀል ተከላካዩ ወደ ጎን ይሰፋለታል፣ የተከላካይ አማካዩ ወደ ኋላ ይወርድለታል፣ በሌላው ጠርዝ ያለው የመስመር ተከላካይ ደግሞ አይወጣም። ከእነዚህ አንዱ አደራውን ከዘነጋ ጎል ይቆጠራል፤ በቴሌቪዥን ላይ እየሮጠ ሲመለስና ሳይደርስ ሲቀር የሚታየው ግን የመስመር ተከላካዩ ነው።

የኳታሩ ዓለም ዋንጫ ይህን ውል በግልጽ አሳይቷል። የአውስትራሊያው አሠልጣኝ ግራሃም አርኖልድ የመጀመሪያውን ጨዋታ በፈረንሳይ 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ በቀኝ በኩል ወጣቱ ናታኒኤል አትኪንሰን ከኪሊያን ምባፔ ጋር ተፋጥጦ እጅግ ተቸግሮ ዋለ። ቱኒዚያ ላይ ፍራን ካራቺች ገባ። ዴንማርክና አርጀንቲና ላይ ደግሞ በተፈጥሮው የመሀል ተከላካይ የሆነው ሚሎሽ ደጌኔክ ቀኙን ያዘ። በግራ በኩል ግን ቤሂች ከቦታው አልተነሳም። ይህ የሰው ለውጥ ብቻ አልነበረም። ቀኙ እንዲረጋ ሲደረግ ግራው ለመውጣት ነፃነት አገኘ። አውስትራሊያ ቱኒዚያንና ዴንማርክን በተመሳሳይ 1 ለ 0 አሸንፋ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባች። አርጀንቲና ላይ ያየነው የቤሂች ሩጫ የራሱ ድፍረት መሆኑ ባያጠያይቅም፣ ከኋላው የተቀመጡ ሰዎች ሥራም ነው።

አውስትራሊያውያን የዚህን ቦታ ጉልበት ከሌላው ወገን ሆነው በምሬት ያውቁታል። በ2006 በጀርመን ካይዘርስላውተርን ከተማ ከጣሊያን ጋር 0 ለ 0 ሆነው፣ ጨዋታው በባከነ ደቂቃ ላይ ሳለ፣ የጣሊያኑ የግራ መስመር ተከላካይ ፋቢዮ ግሮሶ ኳስ ይዞ ሳጥን ውስጥ ገባ። የአውስትራሊያው ተከላካይ ሉካስ ኒል ተንሸራትቶ ወደቀ፤ ግሮሶ በላዩ ላይ ሲያልፍ ተሰናክሎ ወደቀ፤ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ፤ ፍራንቸስኮ ቶቲ አስቆጠረ። ፍርዱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ጣሊያን በጎደሎ ተጫዋች፣ በመጨረሻው ደቂቃ፣ ተከላካይዋን ወደ አውስትራሊያ ሳጥን ልካ ነበር።

በዚያ የአውስትራሊያ ቡድን ውስጥ ስኮት ቺፐርፊልድ ነበር። የእሱ ታሪክ በአገሪቱ ይህ ሙያ ድሮ እንዴት ይጀመር እንደነበር ይነግረናል። ቺፐርፊልድ ለወለንጎንግ ዎልቭስ ሲጫወት አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ እግር ኳሱ ብቻውን እንጀራ አይሆንም ነበርና። በ2000 ክለቡ በብሔራዊ ሊጉ ፍጻሜ በፐርዝ ግሎሪ 3 ለ 0 ከተመራ በኋላ 3 ለ 3 አቻ ሆኖ በመለያ ምት ዋንጫ አነሳ፤ በቀጣዩም ዓመት ደገመው። በ2001 ወደ ስዊዘርላንድ ባዝል ሄዶ እስከ 2012 ቆየ፤ ሰባት ጊዜም የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በግራ አማካይነትም በግራ ተከላካይነትም ይሰለፍ ነበር። የእኔ ፍርድ ተቀባይነት ካለው፣ በአንድ የአውሮፓ ክለብ አሥራ አንድ ዓመት መቆየት ስሙ ከገነነ ሊግ አንድ ወቅት ከመርገጥ ይበልጣል።

የቤሂች መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ለዛሬው አውስትራሊያዊ ተጫዋች ይበልጥ የሚቀርበውም ይኸኛው ነው። በ1990 ሜልበርን ውስጥ ከቱርክ ቆጵሮሳውያን ቤተሰብ ተወለደ። በሰሜን ሜልበርን ካለው የቱርክ ማኅበረሰብ ክለብ ከሁም ሲቲ ተነስቶ ወደ ሜልበርን ቪክቶሪ፣ ከዚያ በ2010 ወደ ሜልበርን ሃርት ገባ። የአውስትራሊያ እግር ኳስ የቆመው እንዲህ ባሉ የስደተኛ ክለቦች ላይ ነው፤ ግሪኮች፣ ክሮአቶች፣ ጣሊያኖች፣ ቱርኮች በየሰፈራቸው ያቋቋሟቸው ክለቦች ናቸው ትውልድ ያሳደጉት። በ2013 ቤሂች ወደ ቱርኩ ቡርሳስፖር ሄደ፤ በዚያም ቋንቋውንና ባህሉን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ዓመታት ቆየ። በ2018 ፒኤስቪ አይንድሆቨን ወሰደው፤ ግን ቦታ አላገኘም፣ በወራት ውስጥ ወደ ኢስታንቡል ባሻክሼሂር ተሻገረ። ከዚያ ጊሬሱንስፖር፣ በ2022 ደግሞ የስኮትላንዱ ደንዲ ዩናይትድ፤ ክለቡ በዚያው የውድድር ዘመን ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። በ2023 ወደ ትውልድ ከተማው፣ ሃርት ስሙን ቀይሮ ወደሆነው ሜልበርን ሲቲ ተመለሰ።

ይህን ዝርዝር ያየ ሰው «ተንከራተተ» ሊል ይችላል። እኔ ግን አልስማማም። አውስትራሊያዊ የመስመር ተከላካይ በአውሮፓ ገበያ የሚገባው በጠባብ በር ነው። የአገሩ ሊግ የደመወዝ ጣሪያ ያለበትና ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ የሌለበት ስለሆነ፣ የአውሮፓ መልማዮች አንድን ተጫዋች «በጫና ውስጥ ተፈትኗል» ብለው ለማመን ይከብዳቸዋል። ክለቦች ደግሞ ትልቁን ገንዘባቸውን ለጎል አስቆጣሪ ነው የሚመድቡት። ስለዚህ ከዚያ አገር የሚሄድ ተከላካይ መጀመሪያ የሚያርፈው በመካከለኛ ክለብ ነው፤ አሠልጣኝ ሲቀየር ቀድሞ ከሚነኩት አንዱም እሱ ነው። ማጥቃት የሚወደው አሠልጣኝ ሄዶ ጥንቃቄ የሚያበዛ ሲመጣ፣ ትናንት የተመሰገነበት ባሕርይ ዛሬ ጉድለት ይባልበታል። ተጫዋቹ ሳይለወጥ የተቀየረው ውሉ ነው።

አሠልጣኝ ከተነሳ አንጌ ፖስቴኮግሉን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በልጅነቱ ከግሪክ ተሰዶ ሜልበርን ያደገው ፖስቴኮግሉ ራሱ የግራ መስመር ተከላካይና የሳውዝ ሜልበርን አምበል ነበር። በ1991 በአሠልጣኝ ፈረንስ ፑሽካሽ ሥር፣ አዎ፣ የሃንጋሪውና የሪያል ማድሪዱ ፑሽካሽ፣ የብሔራዊ ሊጉን ዋንጫ አንስቷል። የጉልበት ጉዳት ጨዋታውን ቀድሞ አስቆመው። አሠልጣኝ ሲሆን የሠራቸው ቡድኖች የመስመር ተከላካዩን የማጥቃቱ ዋና አካል ያደረጉ ነበሩ። ብሪዝበን ሮርን ይዞ 36 ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ ሲቀጥል በቀኝ ኢቫን ፍራንጂች፣ በግራ ሼን ስቴፋኑቶ ይሰለፉ ነበር። በጃንዋሪ 2015 አውስትራሊያ ሲድኒ ላይ ደቡብ ኮርያን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፋ የእስያ ዋንጫን ስታነሳም በፍጻሜው በቀኝ ፍራንጂች፣ በግራ ጄሰን ዴቪድሰን ጀምረዋል። ቤሂችም በስብስቡ ውስጥ ነበር።

በኋላም በጃፓን፣ በስኮትላንድና በእንግሊዝ ፖስቴኮግሉ ሐሳቡን ወደ ሌላ ደረጃ አሸጋገረው። የመስመር ተከላካዮቹ በጠርዙ ከመሮጥ ይልቅ ወደ ውስጥ ገብተው ከአማካዮች ጎን እንዲቆሙ አደረገ። በዚህ አሠራር ጠርዙን የክንፍ አጥቂው ይይዛል፤ ተከላካዩ መሀል ላይ ቅብብሉን ያቀናል። ለተጫዋቹ ግን ጭራሽ አዲስ ሙያ ነው። በጠርዝ የሚሮጥ ሰው ጀርባው በሜዳው መስመር የተጠበቀ ነው፤ መሀል የገባ ሰው ከአራቱም አቅጣጫ ይመጣበታል። ፈጣን እግር ብቻ የነበረው ይወድቃል፤ ኳስ ሳይደርሰው ዙሪያውን የሚያይ ይተርፋል።

የሴቶቹን ቡድን፣ ማቲልዳዎቹን፣ ሳያነሱ ስለዚህ ቦታ መጻፍ ግማሹን ትቶ መሄድ ነው። ኤሊ ካርፐንተር በ2000 በኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር በምትገኘው በካውራ ተወለደች። በ15 ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈች፤ በ16 ዓመቷ የሪዮ ኦሊምፒክን ተጫወተች። 18 ሲሞላት ወደ አሜሪካው ፖርትላንድ ቶርንስ፣ በ2020 ወደ ፈረንሳዩ ሊዮን ሄደች። የቀኝ መስመር ተከላካይ ናት፤ ፍጥነቷ ግን የክንፍ አጥቂ ፍጥነት ነው።

በሜይ 2022 በቱሪን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሊዮን ባርሴሎናን ሲገጥም፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የጉልበቷ የፊት ጅማት ተበጠሰ። ሊዮን 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ፤ እሷ ግን የወራት ሕክምና ጠበቃት። ለመስመር ተከላካይ ይህ ጉዳት ከሌላው ሁሉ ይከፋል ብል አልተጋነነም። ሥራው በሙሉ ፍጥነት ሮጦ በድንገት መቆም፣ አቅጣጫ መቀየርና ወዲያው ወደ ኋላ መዞር ነው፤ ጉልበት የሚጎዳውም በትክክል በእንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ነው። የተጎዳ ሰው ጉልበቱ ቢድን እንኳ እንደገና ሙሉ ፍጥነቱን ለማውጣት መድፈር አለበት።

ካርፐንተር በ2023 መጀመሪያ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመትም አገሯ ከኒው ዚላንድ ጋር ባዘጋጀችው ዓለም ዋንጫ ላይ ቀኙን ያዘች። ብሪዝበን ላይ ከፈረንሳይ ጋር 0 ለ 0 ተለያይተው በመለያ ምት 7 ለ 6 ሲያሸንፉ እሷም መትታ አስቆጥራለች። በግማሽ ፍጻሜው ሲድኒ ላይ ሳም ከር በድንቅ ጎል 1 ለ 1 ካደረገች በኋላ ግን ከእንግሊዝ የሜዳ ክፍል የተላከች ረጅም ኳስ በካርፐንተር ላይ ወረደች። የእንግሊዟ አጥቂ ሎረን ሄምፕ ተጭናት መጣች፤ ካርፐንተር ኳሷን ማራቅ አልቻለችም፤ ሄምፕ ነጥቃ አገባች። እንግሊዝ 3 ለ 1 አሸነፈች።

ያን ጎል እያነሱ ካርፐንተርን የሚወቅሱ ሰዎች ነበሩ። ስህተት መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ አውስትራሊያ አቻ ለመሆን ስትታገል ጠርዙን እየመላለሰች ቡድኑን ወደፊት የገፋችው እሷው ነበረች። የመስመር ተከላካይን ሥራ በአንድ ጎል የሚመዝን ሰው ሰማንያ ደቂቃ ያላየውን ሰው ነው የሚፈርድበት። አሠልጣኞች እንዲህ አይመዝኑም፤ ከሊዮን በኋላም በ2025 ቼልሲ ወስዷታል።

ርቀቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። የአገር ውስጥ ሊጉ ፐርዝን ከኒው ዚላንዷ ዌሊንግተን ጋር ያገናኛል፤ በሁለቱ መካከል ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። አውሮፓ የሚጫወተው ደግሞ ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ዓለምን አቋርጦ ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። አውስትራሊያ በ2006 ከኦሽንያ ወጥታ የእስያ ኮንፌዴሬሽንን ከተቀላቀለች ወዲህ ማጣሪያዎቹ ከጃፓን እስከ ሳዑዲ አረቢያ የተዘረጉ ናቸው። የመሀል ተከላካይ በደከመ እግር ልምዱን ተጠቅሞ ሊያልፍ ይችላል። በሩጫ የሚኖር ሰው ግን ያልተኛበት ሌሊት ሜዳው ላይ ይታወቅበታል።

ለዚህም ነው ቤሂች ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ የሠራው ነገር ክብር የሚገባው። አሠልጣኝ ቶኒ ፖፖቪች ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከቡ ከኋላ ሦስት የመሀል ተከላካዮች አቆሙ። በዚህ አሰላለፍ የመስመሩ ሰው ተመላላሽ ይሆናል፤ ከኋላው ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ሰው አለ፣ አደራውም አስቀድሞ ተሰጥቷል። ጁን 5 ቀን 2025 ፐርዝ ላይ ከጃፓን ጋር 0 ለ 0 ሆነው 90ኛው ደቂቃ ሲደርስ፣ ራይሊ ማግሪ ከጠርዝ ወደ ኋላ ቀንሶ ያቀበለውን ኳስ የ34 ዓመቱ ቤሂች መትቶ አስቆጠረ። ጃፓን ብዙ ዋና ተጫዋቾቿን ያሳረፈችበት ጨዋታ ነበር፤ ሆኖም አውስትራሊያ ጃፓንን ስታሸንፍ ከ2009 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ጅዳ ላይ ሳዑዲ አረቢያን 2 ለ 1 አሸንፋ ለ2026ቱ ዓለም ዋንጫ አለፈች።

ለዚያው ቦታ የሚፎካከረው ጆርዳን ቦስ ነው። በ2002 የተወለደው ቦስ ከሜልበርን ሲቲ አካዳሚ ወጥቶ በ2023 የቤልጂየሙ ዌስተርሎ ሲገዛው፣ ክፍያው በወቅቱ ከሊጉ ለወጣ ተጫዋች ከፍተኛው ነው ተብሎ ተዘግቧል። እሱ በሄደበት ዓመት የሲቲን ግራ መስመር የተረከበው ከአውሮፓ የተመለሰው ቤሂች ነበር። ቦስ ሁለት ዓመት ቤልጂየም ተጫውቶ በ2025 የኔዘርላንዱን ፌይኖርድ ተቀላቀለ። የቀድሞዎቹ በአውቶቡስ ሹፌርነትና በመካከለኛ ክለቦች ያለፉትን መንገድ በሃያ ሁለት ዓመቱ አሳጥሮታል፤ ክለቦችም ወደፊት ለሚሮጥ አውስትራሊያዊ ተከላካይ ትልቅ ገንዘብ ማውጣት ጀምረዋል።